ዘጠነኛው ቀን ላይ ባዶ የሚቀረው ገንዳ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ለስድስት ዓመት ቲላፒያ ሳረባ ነበር። አሁን ወደ ባሕር ዓሣ ገብቻለሁ፤ የጀመርኩት በሲብሪም ነው። እንቁላሉ ጥሩ ይፈለፈላል። እስከ አራተኛው ቀን የሚሞተው ጥቂት ነው። ከዚያ በየቀኑ እየሳሱ ይሄዱና ዘጠነኛው ቀን ላይ ገንዳው ባዶ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ያው ነው። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልዬ ሰጥቻለሁ። እንደ ዱቄት የደቀቀ የቲላፒያ መኖም፣ አርቲሚያ የሚባለውን ሽሪምፕ መሳይ ደቃቅ ፍጥረትም ሰጥቻለሁ። ውሃው ኩልል ያለ ነው። አንቲባዮቲክም ጨምሬ አይቻለሁ። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?»

በሽታ አይመስለኝም። ረሃብ ነው። ምግብ ፊታቸው ተደቅኖ የሚሞቱበት ረሃብ። ሦስቱም ጊዜ አንድ ቀን ላይ ማለቃቸው ራሱ ብዙ ይናገራል። በሽታ እንዲህ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። ዓሣው ከእንቁላሉ ይዞት የሚወጣው አስኳል ግን ቀን ቆጥሮ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መድኃኒቱን ያቁሙ። እንዲያውም ሳይጎዳዎት አልቀረም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያሳሳተዎት የቲላፒያ ልምድዎ ነው። የቲላፒያ እንቁላል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ በአስኳል የታጨቀ። እናትየው በአፏ ይዛ ትፈለፍለዋለች። ጫጩቱ ከአፏ ሲወጣ ዐይኑ ያያል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ይዋኛል። ዱቄት ቢበትኑለት ለቃቅሞ ይበላል። የሲብሪም እንቁላል ግን 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እናትየው ውሃው ላይ ትበትነውና ትሄዳለች፤ አለቀ። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። አፍ የለውም። ዐይኑ ቀለም ስላልያዘ አያይም። ሆዱ ሥር የአስኳል ከረጢትና አንዲት የዘይት ጠብታ ይዞ፣ ብዙ ጊዜ በጀርባው ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ሥራው ሳያልቅ የወጣ ዓሣ ነው።

ውሃው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ዐይኑ ይጠቁራል፤ አፉ ይከፈታል። አስኳሉም በዚያው ሰሞን ያልቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ስንቁ አልቆ ጥቂት ቀን ሳይበላ ከቆየ፣ ምግብ ቢያቀርቡለትም መብላት የማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። ይዋኛል፤ ልቡም ይመታል። አንጀቱ ግን ሟሽሿል፤ አድኖ ለመያዝም አቅም የለውም። በሙያው «የማይመለሱበት ነጥብ» ይባላል። የእርስዎ እጮች ሞታቸው የታየው ዘጠነኛው ቀን ላይ ነው። ያለቀላቸው ግን ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሰባተኛው ቀን ላይ ደንግጠው የጨመሩት ምንም ነገር ሊያድናቸው አይችልም ነበር።

ይህችን ቀን የፈራት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ አይደሉም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ዮሃን ዮርት እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንዳንድ ዓመት የኮድና የሄሪንግ ዓሣ ለምን ሞልቶ እንደሚፈስ፣ በሌላው ዓመት ደግሞ ለምን እንደሚጠፋ ይመረምራል። ጣቱን ካሳረፈባቸው ነገሮች አንዱ አስኳሉ አልቆ የመጀመሪያው ጉርሻ የሚፈለግበት ሰሞን ነበር። ለሰፊው ባሕር ሐሳቡ እስካሁን ያከራክራል። ገንዳ አጠገብ ለዋለ ሰው ግን ብዙም አያከራክርም።

እንግዲህ የሰጧቸውን ምግብ እንየው።

አርቲሚያው ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን አሁን አይደለም። ገና የተፈለፈለ አርቲሚያ ከ400 እስከ 500 ማይክሮን ይረዝማል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እየተንፈራገጠ ይሄዳል። አፉን ዛሬ የከፈተ የሲብሪም እጭ ይህን መዋጥ አይችልም። ቢሞክር እንኳ ያመልጠዋል፤ ባመለጠው ቁጥር ጉልበቱን ይጨርሳል።

ዱቄቱ ደግሞ አይንቀሳቀስም። እጩ የሚያድነው በዐይኑ ነው፤ የሚስበውም የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ዱቄቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ላይ ሲደርስ መኖ መሆኑ ቀርቶ ቆሻሻ ይሆናል። እንዲያው አንዱ ቢውጠው እንኳ የሚፈጭበት ነገር የለውም። በዚህ ዕድሜው ጨጓራ የለውማ! ያለው ቀጥ ያለች አጭር አንጀት ናት። አሲድና ፕሮቲን የሚሰባብረውን ፔፕሲን የሚያመነጨው ጨጓራ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለቲላፒያ ጫጩት የተሠራ ፕሮቲን ለእርሱ ድንጋይ ነው።

ከሦስቱ የከፋው የእንቁላል አስኳሉ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ ባክቴሪያ ይቀልባል። ይህ እንኳን ቀላሉ ነው። ዋናው ጣጣ ስቡ ነው። ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ውሃውን እንደ ስስ ላስቲክ ይሸፍነዋል። በዐይን ላይታይዎት ይችላል። በመብራት አግድም ሲያዩት ግን የቀስተ ደመና ቀለም ያሳያል። የሲብሪም እጭ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ትልቅ ሥራ አለበት። ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አየር ይጎርሳል፤ በዚያች አየር የመንሳፈፊያ ከረጢቱን ይነፋል። አየሩ የሚገባበት ቱቦ ለጥቂት ቀናት ብቻ ክፍት ነው። ከዚያ ይዘጋል፤ ዳግም አይከፈትም። የዘይት ሽፋን ካለ እጩ ሽፋኑን መብሳት አይችልም። ከረጢቱ ያልተነፋ ዓሣ እንዳይሰጥም ሌት ተቀን ይዋኛል። ዕድል ቀንቶት ቢያድግ እንኳ ከዚያ ሁሉ ትግል የተነሳ ጀርባው ይጎብጣል፤ አይሸጥም። ስለዚህ አስኳሉን ይተዉት። በአሮጌ መመሪያዎች ላይ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ለባሕር ዓሣ እጭ ግን አልመክርም።

የሚያስፈልግዎ ሮቲፈር ነው። ሮቲፈር በዐይን ሲታይ ከአቧራ ብናኝ አይበልጥም። ማይክሮስኮፕ ሥር ግን ራሱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እንደ ጎማ የሚሽከረከሩ ይመስላሉ። ቀስ ብሎ ይዋኛል፤ አይሸሽም፤ ውሃው መሐል ተንሳፍፎ ይቆያል። ገና ማደን ለሚለማመድ እጭ ከዚህ የቀለለ ታዳኝ የለም። መጠኑ እንደ ዝርያው ነው። ትልቁ፣ ብራኪዮነስ ፕሊካቲሊስ የሚባለው፣ በአማካይ ወደ 240 ማይክሮን ይሆናል። ትናንሾቹ 160 ገደማ ናቸው፤ ከዚያም የሚያንሱ አሉ። ለሲብሪም በትናንሾቹ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ትልቁ ብቻ ካለዎትም አይጨነቁ። በጥሩ ወንፊት አጥልለው ያለፉትን ደቃቆቹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መስጠት ይችላሉ።

የሚገርመው፣ ሮቲፈር መጀመሪያ የተጠላ ተባይ ነበር። በጃፓን እባብ መሳዩን የኢል ዓሣ በሚያረቡበት ኩሬ ውስጥ በድንገት ይፈላና ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ጠራርጎ ይበላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢቶ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ይህ ተባይ ለባሕር ዓሣ እጭ ምግብ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በዚያው አሥርት ዓመት ቀይ ሲብሪም የሚያረቡ ጃፓናውያን ያዙት። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የባሕር ዓሣ ማስፈልፈያዎች ያለ እርሱ አይንቀሳቀሱም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ገንዳዎ 1000 ሊትር ነው እንበል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሮቲፈር ሁልጊዜ መኖር አለበት። በ10 ካሰላነው ገንዳው በአንድ ጊዜ 10 ሚሊዮን ሮቲፈር ይፈልጋል። ደህና የያዘ የሮቲፈር በርሜል በሚሊ ሊትር 200 ያህል ይኖረዋል፤ በሊትር 200 ሺህ ማለት ነው። ስለዚህ ገንዳዎን አንዴ ለመሙላት 50 ሊትር የሮቲፈር ውሃ ያጠልላሉ። ከአንድ በርሜል በቀን ከሩብ በላይ መውሰድ አይመከርም፤ አለዚያ ራሱን መተካት ያቅተዋል። ስለዚህ 200 ሊትር የሮቲፈር ርቢ ያስፈልግዎታል ማለት ነው። እኔ ብሆን እጥፉን እይዛለሁ። በአንድ በርሜል ግን አይደለም፤ ቢያንስ በአራት።

ለምን በአራት? በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ ሮቲፈሬን ሁሉ በአንድ ትልቅ በርሜል ይዤ ነበር። ያምር ነበር። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ሦስተኛው ቀን ላይ ጠዋት ስመጣ በርሜሉ ጠርቷል። ሌሊቱን አልቀዋል። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። እጮቹ ደግሞ ከሰዓት አፋቸውን ከፈቱ። የዚያን ዕለት ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት መቶ ሺህ አፍ እንደ ቆጠርኩ ይሰማኛል። ሮቲፈር እንዲህ ነው፤ ትናንት ሞልቶ ዛሬ ድራሹ ይጠፋል።

ደግነቱ ከመጥፋቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። በየጠዋቱ አንድ ሚሊ ሊትር ይቅዱ። አንዲት የአዮዲን ጠብታ ጠብ አድርገው ይግደሏቸውና ማይክሮስኮፕ ሥር ይቁጠሯቸው። የሮቲፈሩን ቁጥር ብቻ አይደለም የሚያዩት። እንቁላል የተሸከሙት ስንት ናቸው? ከመቶው 30 ያህል ተሸክመው ከሆነ በሰላም ይደሩ። ከ15 በታች ከወረዱ ግን ቁጥሩ ዛሬ ብዙ ቢሆንም ነገ ይወድቃል። ያን በርሜል ዛሬውኑ ይሰብስቡት። ሮቲፈሩን አጥበው ንጹሕ ውሃ ውስጥ በአዲስ መልክ ይጀምሩ።

አረባቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ጨዋማነቱ በሊትር ከ20 እስከ 25 ግራም የሆነ ውሃ፣ 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ ወደ ውሃው የሚነፋ ለስለስ ያለ አየር። ምግቡ አልጌ ነው፤ ናኖክሎሮፕሲስ የሚባለውን ብዙ ሰው ይወዳል። ራስዎ ማሳደግ ካልቻሉ እንደ ሊጥ የታመቀው ይሸጣል። የዳቦ እርሾም ይበላሉ፤ ለ1 ሚሊዮን ሮቲፈር በቀን 1 ግራም ያህል። ነገር ግን እርሾ ውሃውን ቶሎ ያበላሻል፤ ቢ12 የተባለው ቫይታሚንም ስለሚጎድለው መጨመር ይኖርብዎታል። ምቾት ካገኙ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። እንዲህም ሆኖ እንቁላሉ ከመምጣቱ ሦስት አራት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። አንድ ነገር በጥብቅ ልለምንዎ፤ የሮቲፈሩ ርቢ ለሁለት ሳምንት ሳይወድቅ ቆሞ ካላዩት የዓሣ እንቁላል አያምጡ።

እዚህ ደርሰው ሮቲፈሩን ቢሰጡ እጮቹ ይበላሉ። ዘጠነኛውን ቀን ያልፋሉ። ከዚያ ምናልባት ሃያኛው ቀን ላይ ይሞታሉ። ይህ ሁለተኛው ወጥመድ ነው።

ሮቲፈር ማለት ጆንያ ነው። የሚያደርሰው የሞሉበትን ነው። በእርሾ ብቻ ያደገ ሮቲፈር ባዶ ጆንያ ነው። የባሕር ዓሣ እጭ ዲኤችኤ የተባለ የስብ ዓይነት የግድ ይፈልጋል። ከአንጎሉና ከዐይኑ ዋነኛ መሥሪያዎች አንዱ ነውና። እጩ የሚያድነው በዐይኑ ነው አላልንም? ዐይኑ በደንብ ካልተሠራ ሮቲፈሩ ፊቱ እያለፈ አያየውም። የጨው አልባ ውሃ ዓሦች ብዙዎቹ ከሌላ ስብ ተነሥተው ይህን ራሳቸው መሥራት ይችላሉ። ቲላፒያዎ ይችላል። የባሕር ዓሦች በአብዛኛው አይችሉም። ባሕሩ ውስጥ የሚበሉት ኮፔፖድ የሚባል ደቃቅ ፍጥረት ሞልቶት ስለሚመጣ፣ ራሳቸው የመሥራት ነገር አላስፈለጋቸውም። ኢፒኤ እና አራኪዶኒክ የሚባሉት የስብ ዓይነቶችም ያስፈልጋሉ፤ ዋናው ግን ዲኤችኤ ነው።

ስለዚህ ሮቲፈሩን ከመስጠትዎ በፊት ያበለጽጉታል። ከበርሜሉ ያወጡትን በሌላ ባልዲ ውስጥ በዲኤችኤ የበለጸገ ዱቄት ወይም የዘይት ቅልቅል ለጥቂት ሰዓታት ይቀልቡታል። ናኖክሎሮፕሲስ ኢፒኤ አለው፤ ዲኤችኤ ግን የለውም ማለት ይቻላል። አይሶክራይሲስ የሚባለው አልጌ ዲኤችኤ አለው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ መስጠት ያግዛል። ከዚያ በ50 ወይም በ60 ማይክሮን ወንፊት ላይ በንጹሕ የባሕር ውሃ በደንብ ያጥቡት። ማጠቡን አደራ። ያልታጠበ ሮቲፈር የማበልጸጊያውን ዘይት ይዞ ገንዳ ይገባል። ተመልሰን እንቁላል አስኳሉ ዘንድ ደረስን ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ገንዳ ውስጥ የገባ ሮቲፈር የያዘውን ለራሱ ይበላል። በሰዓታት ውስጥ ጆንያው መጉደል ይጀምራል። ለዚህ ነው ጠዋት አንዴ ከማፍሰስ በቀን ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት የሚሻለው። ትናንት የተረፈው ሮቲፈር ዛሬ ቁጥር ይሞላል እንጂ ምግብ አይሆንም።

ኩልል ያለው ውሃዎም ራሱ ችግር ነው ብል ይገርምዎ ይሆናል። የሲብሪም እጭ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረንጓዴ ቢሆን ይሻላል። በየቀኑ አልጌ ይጨምሩበት፤ እጅዎን አስገብተው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በታች ጣትዎ ደብዘዝ እስኪልብዎ ድረስ። ጥቅሙ ብዙ ነው። በገንዳው ውስጥ ያለው ሮቲፈር አልጌውን እየበላ ጆንያውን ይሞላል። ብርሃኑ ይበተንና እጮቹ ግድግዳው ላይ መከማቸታቸውን ይተዋሉ። ሮቲፈሩም ከአረንጓዴው ውሃ ተለይቶ ይታያቸዋል። የባክቴሪያውንም ሁኔታ ያረጋጋል። ገንዳው ከውስጥ ጠቆር ያለ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ ነጭ ገንዳ ውስጥ ነጭ ሮቲፈር ማደን ለማንም ይከብዳል።

ብርሃን ይኑር። በጨለማ አይበሉም፤ ስለዚህ በቀን ቢያንስ 14 ወይም 16 ሰዓት መብራት ይስጧቸው። መብራቱን ድርግም አድርገው አያጥፉ፤ ይደነግጣሉ። አየሩ ለስለስ ይበል። የአየሩ አረፋ ኃይለኛ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ፍጥረት ማዕበል ነው። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ የውሃውን ገጽ የሚጠርግ ነገር ያስፈልጋል። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከአንድ ቱቦ በአግድም የሚነፋ ቀጭን አየር ሽፋኑን ወደ አንድ ጥግ ይገፋዋል። እዚያ ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ክፈፍ ያስቀምጡና የተሰበሰበውን በወረቀት ያንሡ። በቀን ደጋግመው። የመንሳፈፊያ ከረጢቱ መነፋቱን ለማየት ጥቂት እጮች ማይክሮስኮፕ ሥር ያድርጉ፤ ከአከርካሪው ሥር የምታበራ ክብ ፊኛ ትታያለች።

አርቲሚያዎ መቼ ይግባ? እጮቹ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ወደ 20ኛው ቀን ሲጠጉ። ቀኑን ሳይሆን አፋቸውን ይዩ። ሲጀምሩ ሮቲፈሩን በአንድ ጊዜ አያቋርጡ፤ ሁሉም እኩል አላደጉምና። የአርቲሚያ ፍልፈላ ቀላል ነው። በሊትር 2 ግራም ያህል ደረቅ እንቁላል፣ 28 ዲግሪ፣ ኃይለኛ አየር፣ ጥሩ ብርሃን፣ 24 ሰዓት። ሲፈለፈሉ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አርቲሚያው በሥር በኩል ወደ ብርሃን ይሰበሰባል። ቅርፊቱን በደንብ ይለዩ፤ እጩ ከዋጠው አይፈጨውም፣ አንጀቱን ይዘጋበታል። ገና የተፈለፈለው አርቲሚያ አፍ ስለሌለው ሊያበለጽጉት አይችሉም። ለ8 ሰዓት ያህል ከራሱ አስኳል ነው የሚኖረው። ያኔውኑ ትኩሱን መስጠት፣ ወይም ይህን ጊዜ አሳልፎ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማበልጸግ። ሁለቱም ይሠራል። የማይሠራው መሐል ላይ ያለው ነው፤ ስንቁን ጨርሶ ሌላ ያልበላ አርቲሚያ። አርቲሚያ ዲኤችኤውን ራሱ እያፈረሰ ወደ ኢፒኤ ስለሚለውጠውም፣ ካበለጸጉት በኋላ ወዲያው ይስጡት ወይም በቅዝቃዜ ያቆዩት።

ከአርቲሚያ ወደ ደረቅ መኖ ማሸጋገሩን እኛ ጡት ማስጣል እንለዋለን። ከወር ገደማ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ከ200 እስከ 300 ማይክሮን በሆነ መኖ፣ ከአርቲሚያው ጋር ጎን ለጎን፣ ቀስ በቀስ። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ትንንሾቹን መንከስ ይጀምራሉ። መለየት ይኖርብዎታል። ይህን አሁን አላብራራም፤ እዚያ ይድረሱ መጀመሪያ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «እጭ ከመጀመሪያው ዱቄት አይበላም» የሚለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የፈረንሳዩ ኢፍሬመር ተመራማሪዎች ሲባስ የተባለውን ዓሣ አፉን ከከፈተ ጀምሮ በተሠራ መኖ አሳድገውታል። መኖው ግን የእርስዎ ዱቄት አይደለም። ፕሮቲኑ ከፊሉ አስቀድሞ የተሰባበረ ነው፤ ፎስፎሊፒድ የሚባለው ስብ በብዛት ገብቶበታል። አንጀቱ ሊሠራው ያልቻለውን ሥራ ፋብሪካው ሠርቶለታል። የሚገዙት ነገር በዚህ መልክ የተሠራ ከሆነ ከሮቲፈር ጎን ለጎን ይሞክሩት። ብቻውን ግን ጀማሪ ባይደፍረው ይሻላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ገንዳ ውስጥ ሁልጊዜ ባክቴሪያ አለ። ከእነርሱ መሐል ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ማንንም የማይነኩ አሉ። ቦታውን ይዘው ይቀመጣሉ። በፍጥነት የሚራቡ፣ ዕድል የሚጠብቁም አሉ፤ ቪብሪዮ የሚባሉት ከእነዚህ ናቸው። አንቲባዮቲክ ሲጨምሩ ቦታውን ያጸዱታል። ባዶውን ቦታ መጀመሪያ ደርሶ የሚይዘው ግን ፈጣኑ ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። መፍትሔያቸው ውሃውን አስቀድሞ ማብሰል ነው፤ እሳት ላይ አይደለም። እጩ ከመግባቱ በፊት ውሃውን ባክቴሪያ በተላበሰ ማጣሪያ ውስጥ እያሳለፉ ያቆዩታል። ጨዋዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። የተረፈ ሮቲፈርና የሞተ እጭ ወለሉ ላይ እንዳይከማች በየቀኑ በቀጭን ቱቦ መምጠጥም የዚህ አካል ነው።

ይህን ሁሉ አንብበው ተስፋ ከቆረጡ፣ ሲብሪም ከቀላሎቹ አንዱ ነው ብል ይጽናኑ ይሆን? የጃፓኑ ኪንዳይ ዩኒቨርሲቲ ብሉፊን ቱናን ከእንቁላል እስከ እንቁላል ማድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የተሳካለት በ2002። እጮቹ መጀመሪያ ውሃው ገጽ ላይ ተጣብቀው ይሞታሉ፤ ሌሊት ይሰጥማሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ይህን ሁሉ ያለፉት ደግሞ እየከነፉ ከግድግዳው ጋር ይላተማሉ። በተቃራኒው ክላውንፊሽ አለልዎት። እንቁላሉን ድንጋይ ላይ አጣብቆ ወላጆቹ ይጠብቁታል። እጩ ሲፈለፈል ዐይኑም አፉም ዝግጁ ነው፤ በዚያው ቀን ሮቲፈር ይበላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓሣ ዓሣ መምሰል ይጀምራል። እጅዎን ለማፍታታት በእርሱ አንድ ሁለት ዙር ቢሠሩ የሲብሪሙን እንቁላል በከንቱ አይጨርሱም።

ለሚቀጥለው ዙር አንድ ነገር ብቻ ቢያደርጉ ይህን ያድርጉ። አምስተኛው ቀን ላይ፣ መብራቱ ከበራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከገንዳው ልዩ ልዩ ቦታ 20 እጭ ይቅዱና አንድ በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር ይዩ። ገላቸው ብርጭቆ ስለሆነ የበሉት ይታያል። የሮቲፈሩ ቅርፊትና መንጋጋ አንጀታቸው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይቆጠራል። ከ20ው 16ቱ ከበሉ ጥሩ ሄደዋል። ግማሾቹ ባዶ ከሆኑ ነገን አይጠብቁ። ሮቲፈሩን እንደገና ይቁጠሩ፤ መብራቱን ጨመር ያድርጉ፤ የውሃውን ገጽ ይዩ፤ አየሩን ቀነስ ያድርጉ።

ካልተሳካልዎ መልሰው ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ ግን ስንት እንደሞቱ አይንገሩኝ። የውሃውን ሙቀት፣ አፋቸውን የከፈቱበትን ቀን፣ በሚሊ ሊትር የነበረውን ሮቲፈር፣ እንቁላል የተሸከመውን ከመቶ፣ እና አምስተኛው ቀን ላይ ከ20ው ስንቱ እንደበላ ይላኩልኝ።